የስንጥብ ትልና መድኃኒቱ

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ወጣት ወዳጃችንን ለመጠየቅ ወደ ቤቱ ሄደን ነበር። ይህ ወዳጃችን ከደመወዙ እየቈጠበ ከገዛው ዕቃ ሁሉ አብልጦ የሚወደው፣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ከመስኮቱ አጠገብ የቆመውን የመስተዋት ገንዳና በውስጡ የሚዋኙትን ወርቃማ ዓሦች ነው። እንግዳ በመጣ ቍጥር ገና ቡናው ሳይቀርብ የሚያሳየው እነርሱን ነው። በዚያን ዕለት ግን ስለ ዓሦቹ አንድ ቃል ሳይናገር ወንበር ሰጥቶን ዝም አለ። ወደ ገንዳው ዘወር ብለን ብንመለከት ዘጠኝ የነበሩት ዓሦች ስድስት ሆነዋል።

የቀሩትም ቢሆኑ ደኅና አልነበሩም። ሁለቱ ከውኃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይጐርሳሉ። አንዱ የአንደኛውን ወገን የስንጥብ ክዳን አጥብቆ ዘግቶ በሌላው ብቻ በችኰላ ይተነፍሳል። ሌሎቹ ደግሞ ጸጥ ብለው ከቆዩበት ድንገት ተወርውረው ጐናቸውን ከጠጠሩ ጋር እየፈተጉ ይመለሳሉ። ስንጥብ የምንለው፣ ዓሣ በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ወደ ደሙ የሚያስገባበት፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ቀይ አካል ነው። ለሰው ሳንባ እንደ ሆነ ለዓሣ ደግሞ ይህ ነው።

«ሦስቱ በስንት ቀን ውስጥ ሞቱ?» ብለን ጠየቅነው።

«በዐሥር ቀን» አለን።

እናቱም ቡናውን እየቀዱ፣ «እኔስ ገና ሲያመጣቸው፣ ዓሣ ከሐይቅ ወጥቶ በሰው ቤት ምን ዕድሜ አለው ብዬው ነበር። እስቲ ልጆቼ፣ እናንተ ምከሩት፤ እህል አልቀምስ ብሏል» አሉ።

ወዳጃችን ዝም ብሎ አልተቀመጠም ነበር። ዓሦቹን ወደ ገዛበት ሱቅ ሄዶ ነገሩን ቢያስረዳ፣ ሻጩ ስም ያልተጻፈበት ሰማያዊ ፈሳሽ ሰጠው። እርሱ ባይረዳ በሦስተኛው ቀን ብጫ ዱቄት ጨመረለት። በመጨረሻም ከመድኃኒት ቤት የሰው ጸረ ባክቴሪያ እንክብል ገዝቶ እየፈታ ውኃው ውስጥ በተነ። ሦስት መድኃኒት ለአንድ በሽታ፣ ያውም በሽታው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ! ይህን የምንጽፈው ወዳጃችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ከአንባቢዎቻችን መካከል ለራሱ ጉንፋን እንዲሁ ያላደረገ ቢኖር እጁን ያንሣ።

በማግሥቱ ሰኞ ማታ የሥነ ሕይወት መምህር የሆነ ሌላ ወዳጃችንን ማይክሮስኮፑን አስይዘን ይዘነው ሄድን። ከቤት ስንደርስ ከስድስቱ አንዱ ዓሣ ከሞተ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሆነውም ነበር። መምህሩም ይህን ሲሰማ፣ «ለእናንተ ክፉ ዜና ነው፤ ለምርመራው ግን ምቹ ነው» አለን። ዓሣ ከሞተ ብዙ ሰዓት ካለፈ በላዩ ያሉት ተውሳኮች ጥለውት ይሄዳሉ፤ ወይም አብረውት ይሞታሉ። ስለዚህ ከትናንት ወዲያ የሞተን ዓሣ ይዞ መመርመር ብዙውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። መምህሩ ከሞተው ዓሣ ስንጥብ ጥቂት ቈርጦ፣ ከሕያው ዓሣ ገላም ላይ በመስተዋት ጠርዝ ዝልግልጉን ፈሳሽ በቀስታ ፍቆ፣ በየተራ አየልን።

ተራ በተራ ዐይናችንን አስጠግተን የተመለከትነውን ገና አልረሳነውም። በስንጥቡ ቀያይ ጣቶች መካከል እንደ አልቅት የሚሳሳብ፣ አንዴ ቀጥኖ የሚረዝም፣ አንዴ ተኰማትሮ የሚያጥር ትንሽ ትል ነበር። ከራሱ ላይ አራት ጥቋቍር ነጥቦች ይታያሉ፤ እነዚህ ዐይኖቹ ናቸው። ከኋላው ደግሞ ሥጋውን ጨብጦ የያዘበት መንጠቆ አለው። በአንድ የእይታ ክብ ውስጥ ብቻ ዐሥራ አንድ ቈጠርን። ወዳጃችን ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ብሎ፣ «ይህ ሁሉ በአንድ ስንጥብ ላይ?» ብሎ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የትሉ ስም ዳክቲሎጋይረስ ይባላል። ርዝመቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ስለማያልፍ ያለ አጉሊ መነጽር አይታይም። ገበሬዎቻችን በበግና በከብት ላይ የሚያውቁትን የጉበት ትል የሩቅ ዘመዱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከጠፍጣፋ ትሎች ወገን ናቸው። ነገር ግን የጉበት ትልም ሆነ ቢልሃርዝያ በመካከል ቀንድ አውጣ ሳያገኙ ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፍ ሲያቅታቸው፣ የዓሣው ትል መሸጋገሪያ አይፈልግም፤ ከዓሣ ወደ ዓሣ በቀጥታ ይሄዳል። በሰፊ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ጥቂት ትሎች ተሸክሞ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል፤ የተፈለፈለው ትል ከሌላ ዓሣ ሳይደርስ በመንገድ ይጠፋልና። ዘጠኝ ዓሦች በአንድ ጠባብ ገንዳ ሲታጐሩ ግን ለትሉ ድግስ ነው።

ሌላም ወንድም አለው፤ ጋይሮዳክቲለስ ይባላል። ይኸኛው ይበልጡን በገላና በክንፍ ላይ ይቀመጣል፤ ዐይንም የለውም። የሚያስገርመው አወላለዱ ነው። ዕንቍላል አይጥልም፤ ሕያው ልጅ ይወልዳል። በእናቲቱ ሆድ ያለው ልጅ ደግሞ ገና ሳይወለድ በራሱ ሆድ ሌላ ልጅ ይዟል። መምህሩ በክፍል ውስጥ ይህን ሲያስተምር ተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚያሾፍባቸው እንደሚመስላቸው አጫወተን።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የዕንቍላል ነገር አሁን ተራ ወሬ መስሎ ይታይህ ይሆናል። ለእኛም መስሎን ነበር፤ ዋጋውንም ከፈልንበት።

መድኃኒቱን ያገኘነው ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ነው። ስሙ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ይህን ስም በዝዋይ ሐይቅ ዳር ወይም በጣና አካባቢ የተማረ ወጣት ሳይሰማው አልቀረም፤ በአገራችን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2015 ጀምሮ በብሔራዊ ዘመቻ ለተማሪዎች የሚታደለው የቢልሃርዝያ ክኒን ይኸው ራሱ ነው። የጀርመን መድኃኒት ሠሪዎች ባየርና መርክ በ1970ዎቹ ዓመታት ያወጡት ሲሆን፣ የውሻንም፣ የሰውንም፣ የዓሣንም ጠፍጣፋ ትል ይገድላል። ወደ ትሉ ሰውነት ሲገባ ካልሲየም በብዛት ይጐርፍና ጡንቻው ድንገት ይኰማተራል፤ ቆዳውም ይቈስላል፤ የያዘውንም ይለቃል። በሺህ ለሚቈጠሩ መንደሮች ከታደለ በኋላ እንኳ ትሉን በየትኛው በር ገብቶ እንደሚመታው በትክክል አይታወቅም ነበር፤ በሩ ተለይቶ የተገለጸው በ2019 ነው።

ወዳጃችን ይህን በሰማ ጊዜ፣ «እንግዲያው ከጤና ጣቢያ ክኒኑን አምጥቼ ብፈጨውስ?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ሣቀ። የሰው ክኒን 600 ሚሊ ግራም ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ተሰልቶለት አራት ይውጣል። ለዓሣ ገንዳ ግን የሚበቃው በአንድ ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ክኒኑን የሚያያይዙት ሌሎች ቅመሞችም ውኃውን ያደፈርሱታል። ደግሞስ ለልጆች የተመደበን መድኃኒት ለዓሣ ማዋል ምን ይባላል? ሐኪሙ ንጹሑን ዱቄት መዝኖ ሊሰጠን ተስማማና፣ «የገንዳው ውኃ ስንት ሊትር ነው?» አለ። ወዳጃችን ወዲያው፣ «መቶ ዐሥራ ሁለት» ሲል መለሰ።

እዚህ ላይ ሒሳብ የሚወዱ ተማሪዎች ይከተሉን። ገንዳው 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ወርድና 40 ቁመት አለው። ሦስቱን ብናባዛ 112,000 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ማለት 112 ሊትር ይሆናል። ነገር ግን ውኃው እስከ አፉ አይሞላም፤ ከላይ 4 ሴንቲ ሜትር ጐድሏል። ስለዚህ ቁመቱን 36 ብለን ስናሰላ ወደ 101 ሊትር ይወርዳል። ጠጠሩ ደግሞ የያዘው ቦታ አለ፤ እርሱን ስንቀንስ 95 ሊትር ያህል ቀረ። እንግዲህ መድኃኒቱ 190 ሚሊ ግራም ነው፤ ከአንድ የሰው ክኒን ሢሶ እንኳ አይሞላም። ፕራዚኳንቴል ለዓሣ የዋህ መድኃኒት ስለ ሆነ በዚህ ያህል ስሕተት ዓሣ አይሞትም ነበር። ሁሉም መድኃኒት ግን እንዲህ የዋህ አይደለም።

ለምሳሌ ፎርማሊንን እንውሰድ። ይህ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚደረግበት፣ ሽታው ዐይን የሚያስለቅስ ፈሳሽ፣ ከፕራዚኳንቴል በፊት የዓሣ ትል ዋና መድኃኒት ነበር፤ ዛሬም ርካሽ ስለ ሆነ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ዓሣውን በመድኃኒቱ ውኃ ውስጥ ለማቈየት ሲፈለግ የተለመደው ልክ ለ1,000 ሊትር ውኃ 25 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለወዳጃችን ገንዳ 2 ሚሊ ሊትር ተኩል አይሞላም ማለት ነው። ፎርማሊን ትሉን ከመግደሉ ሌላ የውኃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። በአውሮፓ ጠፍጣፋ አገር የተጻፈ መመሪያ ይዞ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ማስታወስ አለበት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በእኩል ሙቀት በውኃዋ ሊሟሟ የሚችለው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ስንጥቡ በትል የተበላ ዓሣ፣ ኦክሲጅኑ ባነሰ ውኃ ውስጥ፣ ኦክሲጅን የሚጨርስ መድኃኒት ሲፈስበት ከትሉ ቀድሞ ይሞታል። ፎርማሊን የግድ ከሆነ የአየር መንፊያው ሌት ተቀን መሥራት አለበት፤ በጠርሙሱ ሥር ነጭ ዝቃጭ የተቀመጠበት ፎርማሊን ደግሞ ለዓሣ መርዝ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይነካም። እኛ ግን ቤት ውስጥ ልጆችና አሮጊት ባሉበት ፎርማሊን እንዲገባ አንመክርም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የፕራዚኳንቴል ዱቄት ውኃ ላይ ሲበተን አይሟሟም፤ እንደ በሶ እየተጓጐለ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በጥቂት ንጹሕ አልኮል አሟሙተን፣ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በደንብ በጥብጠን ጨመርነው። የከሰሉን ማጣሪያ አስቀድመን አወጣን፤ ከሰል ቢኖር መድኃኒቱን መጥጦ ድካማችንን ሁሉ ከንቱ ያደርገው ነበር። የአየር መንፊያው ግን እንደ ሠራ ቆየ።

በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ አየር መጐረስ ተዉ። በአምስተኛው ቀን ምግብ ሲጣልላቸው እንደ ቀድሞው ተሻምተው መጡ። ወዳጃችን በስልክ፣ «ድነዋል!» ብሎ ሲያበሥረን እኛም ተደሰትን፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ይስጥ አይስጥ ሲጠይቀንም፣ የዳነን በሽተኛ መድኃኒት ማጠጣት ምን ያደርጋል ብለን መለስንለት። ይህን ምክር የሰጠነው እኛ ነን፤ ጥፋቱም የእኛ ነው።

በሃያኛው ቀን ዓሦቹ እንደ ገና ጐናቸውን ከጠጠሩ ጋር ይፈትጉ ጀመር። በሃያ ሦስተኛው ቀን አንዱ ሞተ። ከሁሉ በላይ የሚወደው፣ ጅራቱ እንደ ነጠላ የሚዘናፈለው ነበር። መምህሩ ስንጥቡን ሲያይ ትሎቹ እንደ መጀመሪያው ቀን ሞልተውበት አገኘ።

የሆነው እንዲህ ነው። መድኃኒቱ በዓሣው ላይ ያሉትን ትሎች ገድሏል፤ ዕንቍላላቸውን ግን አልነካም። ዳክቲሎጋይረስ የሚጥለው ዕንቍላል ጠንካራ ቅርፊት ስላለው መድኃኒት ዘልቆት አይገባም። ከዓሣው ላይ ወርዶ በጠጠሩ መካከል ተኝቶ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስ ጠጕር መሰል ነገር የለበሰ ጫጩት ከውስጡ ወጥቶ እየዋኘ ዓሣ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የለውም፤ በአንድ ቀን ገደማ ካላገኘ ይሞታል። በሰፊ ወንዝ ብዙዎቹ አያገኙም፤ በ95 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣ ማጣት አይቻልም።

እንግዲህ የሁለተኛው ዙር ጥቅም የታመመን ለማዳን አይደለም። ከመጀመሪያው በኋላ የተፈለፈሉት ትሎች አድገው ራሳቸው ዕንቍላል ሳይጥሉ ለመቅደም ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ቀኑ ነው። ቀኑን የሚወስነው ደግሞ የውኃው ሙቀት ነው። ከ20 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውኃ ዕንቍላሉ ከ2 እስከ 5 ባለው ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ ውኃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጊዜው ይረዝማል፤ በብርድ አገር ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ማሞቂያ በሌለው በወዳጃችን ገንዳ ውስጥ በዚያ ክረምት ቴርሞሜትሩ 17 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ስለዚህ ለሞቃት ገንዳ የተጻፈው «በሳምንቱ ድገሙ» የሚለው መመሪያ እንኳ ለእርሱ አይበቃም ነበር፤ በሳምንቱ ገና ያልተፈለፈለ ዕንቍላል ይኖራልና። ሐኪሙ በየዐሥር ቀኑ ሦስት ጊዜ እንዲሰጥ ያዘዘው ይህን ዐውቆ ነው። እኛ ግን ትእዛዙን እንጂ ምክንያቱን አልጠየቅነውም ነበር። በገላ ላይ የሚቀመጠው ጋይሮዳክቲለስ ቢሆን ኖሮ ዕንቍላል ስለሌለው አንድ ጊዜ በሚገባ የተሰጠ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይበቃው ነበር። የትሉን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ለምሁራን ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል፤ የመድኃኒቱን ቀን የሚቈርጠው እርሱ ነው።

ጋይሮዳክቲለስም ቢሆን በገንዳ ውስጥ እንጂ በወንዝ ውስጥ ቀላል ጠላት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1975 በኖርዌይ አገር ከዚህ ወገን የሆነ አንድ ትል በሳልሞን ዓሣ ላይ ተገኘ። ትሉ ከስዊድን በመጡ ዓሦች ላይ ተጭኖ የገባ ነው። የባልቲክ ባሕር ሳልሞኖች ከትሉ ጋር አብረው ስለኖሩ ይቋቋሙታል፤ የኖርዌይ ሳልሞን ግን አያውቀውም ነበርና በየወንዙ ያሉትን ግልገሎች ጨረሳቸው። እስከ ዛሬ ትሉ የገባባቸው ወንዞች ወደ 50 ይደርሳሉ። ወንዝ በፕራዚኳንቴል አይታከምም። ስለዚህ ኖርዌያውያን ከባድ ነገር አደረጉ፤ ሮቲኖን የሚባል ከዕፅ ሥር የሚወጣ መርዝ በወንዙ ውስጥ አፍስሰው ዓሣውን ሁሉ ፈጁት። ትሉ ያለ ዓሣ መኖር አይችልም፤ ዕንቍላልም የለውም፤ ስለዚህ ዓሣው ሲያልቅ እርሱም ያልቃል። አስቀድመው የየወንዙን ሳልሞን ዘር ለይተው በሌላ ቦታ ጠብቀው ስለነበር፣ ወንዙ መንጻቱ ሲረጋገጥ ዘሩን መለሱ። በዚህም መንገድ ብዙዎቹ ወንዞች ነጽተዋል። ቢሆንም አንድ ዓሣ ሳይመረመር ድንበር ስለተሻገረ በደርዘን የሚቈጠሩ ወንዞች ዓሣቸው ማለቁን ስናስብ፣ ወዳጃችን ከሱቅ ያመጣቸውን ሁለት አዳዲስ ዓሦች በዚያው ቀን ከነባሮቹ ጋር መቀላቀሉ ትዝ አለን። ሕመሙ የጀመረው እነርሱ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ነበር።

ሁለተኛው ሕክምና በሥርዐት ተፈጸመ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የጠጠሩን ውስጥ በጐማ ቱቦ እየሳብን ቈሻሻውን ከነዕንቍላሉ አወጣን፤ ከውኃውም ሢሶውን ቀየርን። ቀኖቹን የያዙት የወዳጃችን እናት ናቸው። በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ ሦስት ቀኖችን በከሰል አክብበው፣ ቀኑ ሲደርስ ልጃቸውን ገና ከእንቅልፉ ሳይነሣ፣ «ተነሥ፤ ዛሬ የዓሦቹ ቀን ነው» ይሉት ነበር። ከሦስተኛው ዙር በኋላ መምህሩ የአንዱን ዓሣ ገላና የስንጥቡን ጫፍ እንደ ገና መረመረ። አንድም ትል አላገኘም።

ባለፈው እሑድ ደግመን ሄድን። በገንዳው ውስጥ አራት ዓሦች አሉ። ከበረንዳው ላይ ደግሞ በትልቅ ሳፋ ውስጥ ሁለት ትናንሽ አዲስ ዓሦች አየር መንፊያ ተደርጎላቸው ለብቻቸው ይዋኛሉ። ወዳጃችን ወደ ገንዳው መቼ እንደሚገቡ ስንጠይቀው መልሱን ለእናቱ ተወላቸው።

«ገና ዐሥራ አንድ ቀን አላቸው» አሉን፤ ወደ ቀን መቍጠሪያው እያመለከቱ።